የተሰረዘች ቃል

እነዋሪ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣
በላስቲክ ጥላዬ፣ በተሰነጠቀ ወንበር፣
አቤቱታ እጽፋለሁ፤ በገጽ ሠላሳ ብር።
ካርቦን ከፈለጉ አምስት ይጨመራል፤
እንባ ለበዛበት ዋጋው ያው ይሆናል።

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ውርጩ ሣሩን መትቷል፤
አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ተቀምጧል፤
የጅሩ መረሬ ከቦቲው ተጣብቋል።
«ስም?» አልኩት።
«ግዛቸው።»
«የአባት?»
«ወንድይራድ።»
«ጉዳዩ?»
«ወሰን ነው፤ የሁለት ጥማድ።»

እንደ ልማዴ ጀመርኩ፣ ያለ ማመንታት፦
«እኔ አመልካች፣ ለሕግ ተገዢ በመሆኔ...» ስልበት
ክንዴን ያዘው። «ቆየኝ! እስቲ ድገማት።»

ደገምኩለት።
«ተገዢ?» አለ፤ ሳቅም ቁጣም ያዘው፤
«በሬ ነው የሚገዛ፤ እኔን ማን ነው የገዛው?
ከደነባ ገበያ በገመድ መጣሁ ወይ?
ጥርሴ ታይቶ፣ ጀርባዬ ተዳብሶ ወጣሁ ወይ?
አባቴ 'ግዛቸው' ያለኝን ሰውዬ፣ ተገዛ ትላለህ ወይ?»

ሰረዝኳት። «ሕግ አክባሪ» የምትል ተካሁባት።
አሁንም ራሱን ነቀነቀባት፤
«ማክበርማ የበዓል ነው፤ ሚካኤልን አከብራለሁ፤
ጠላው እስኪያልቅ ነው እንጂ፣ በማግስቱ አርሳለሁ።
ደሞ እኔ መቼ ከበርኩና ሌላ አከብራለሁ?»

«ታዛዥስ?»
«እሱ ለልጅ ነው፤ ውኃ አምጣ ለሚሉት፣
በሩቅ ተጣርተው ሱቅ ለሚልኩት።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ተራ ጠባቂዎቹ አጉረመረሙ፤
ግማሹ ተቀመጡ፣ ግማሹ ቆሙ።
«ታዲያ ምን ልጻፍልህ?»
ወደ ጀማ ገደል አየ፤ ጉም ይወጣ ነበር፤
ከዚያ ቀስ ብሎ ጀመረ መናገር።

«ሐምሌ ነው፤ ጭቃ ነው። ጎረቤቴ እንዳሻው
እንደ ስሙ ሆኖ ጥማዱን ነዳው፤
ድንበሩን አልፎ ስድስት ክንድ አረሰው።
ደሜ ፈላ፤ የወይራ ቆመጤን አነሳሁ፤
ሚስቴን ረሳሁ፣ ወህኒን ረሳሁ፣ ነገን ረሳሁ።
ምሳ ይዛ ልጁ ትርንጎ ከድንበሩ ማዶ ብቅ አለች፤
አገልግሉን ጣለች፤
'በሕግ አምላክ!' አለች።
ሁለት ቃል ናት፤ ሌላ አልጨመረች።
ዳኛ በሌለበት፣ ፖሊስ በሌለበት
ዱላው ካናቱ ስንዝር ላይ ቀረ፣ ባለበት።
እጄ ቆመ። እግሬ ቆመ።
ማንም አልገዛኝ። ማንም አላዘዘኝ።
ስሙ ተጠራና ቆምኩ።
'ቆመ' ብለህ ጻፍልኝ።»

ስንቱን ወሰን ገፊ «ለሕግ ተገዢ» አሰኝቻለሁ፤
ስንቱን አደራ በላ «ሕግ አክባሪ» ብዬ ጽፌያለሁ፤
ራሱ እንዳሻው እንኳ፣ ለማዳበሪያ ጉዳይ ባለፈው ጥቅምት መጥቶ
ሁለቱንም ቃል ወስዷል፤ ሠላሳ ብር ቆጥሮ ሰጥቶ።

ጻፍኩት፦ «እኔ አመልካች፣ በሕግ ስም ሲጠሩኝ የቆምኩ...»
ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ እንዲህ ብዬ አልጀመርኩ።
«ተጠሪውስ?» አልኩ፤ «እሱም ቆመ?»
በጭራሮ የቦቲውን ጭቃ ፋቀ፤
«እኔ ስቆም እሱ እስከ ጥጉ ጨረሰ፤
ዘራ፣ አጨደ፣ ወቃ፤ ስንዴው ጎተራ ደረሰ።
ዘንድሮም መልሶ አረሰ።»

«ምስክር አለህ?»
«አንዲት።»
«ማን?»
«የገዛ ልጁ።»

ከሰዓት በኋላ ከመዝገብ ቤት ተመልሶ መጣ፤
«የቆምኩ» የምትለዋ ላይ ቀይ መስመር ወጣ፤
ከላይዋ «ሕግ አክባሪ»፤ ከጎኗ «ታርሞ ይምጣ»።
ገልብጬ ጻፍኩ። አላኮረፈም፤ ቆሞ ጠበቀኝ።
«ያቺን ቃሌን ስለሰረዟት» አለ፣ «ሂሳቧን መልስልኝ።»
ሁለት ብር ሰጠሁት።
በጋቢው ጫፍ ቋጠራት።