ዘጠኝ ተኩል

ሐይቁ ገና በረዶ ነው፤ መጋቢት ሊያልቅ ሲል
ሌሊት ዘጠኝ ሲሞላ አስር ነው ይባላል።
«ብድር ናት» ይላል ሬዲዮው፣ «ጥቅምት ላይ ትመለሳለች።»
ላሜ ማንሲኪ ግን ይህን ውል መቼ ፈረመች?
ጡቷ ሳይሞላ፣ በጨለማ ስደርስባት
ገልመጥ ታደርገኛለች፣ ሌባ እንደገባባት።

ሚስቴ ሄልቪ ትወደዋለች፤ እኔም አልዋሽም፦
ከኩኦፒዮ፣ ከሥራ ብትገባም ገና አይመሽም።
ግንቦት ላይ ጀልባችንን ደጅ ቀለም እንቀባለን፣
ኦስሞን ከኳሱ ለራት ደጋግመን እንጠራለን።

አባቴ ግን በዚያች ሌሊት፣
የማንሲኪን እናት ሊያዋልድ በረት ወርዶ
እጄ ላይ አረፈ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ በርዶ።
የግድግዳው ሰዓት፣ ማንም ያልዘወረው፣
ዘጠኝ ተኩል ይል ነበር፣ ቀና ብዬ ሳየው።
ሐኪሟ መጥታ በጠዋቱ
አስር ተኩል ብላ ሞላች፣ እንደ ሕጉ፣ እንደ ሥርዓቱ።

ጥቅምት ሲመጣ መንደሩ ያበደረውን ይቀበላል፤
አገላብጦ ይተኛበታል።
የአባቴን ድርሻ ማን ይረከባል?

በረት እወርዳለሁ። መብራት አላበራም።
ማንሲኪ ታመሰኳለች፣ ዞራም አታየኝም።
በዚያች ሌሊት ዘጠኝ ተኩል ሁለት ጊዜ ይመጣል፤
አንዱ የእኔ ነው።
አንዱን ለእሱ እቀመጥለታለሁ።