አውራ ጣት

ከጠባሴ በታች፣ ከወፍጮው አጠገብ፣
ሰዓት የሚጠግን፣ ዐይኑ የማይጠግብ፣
ጋሽ ወንድይፍራው አለ፤ በአንድ ዐይን መነጽር
የደቂቃን ጥርሶች በወረንጦ ሲቆጥር።

ከጎረቤላ ነው የሄድኩት ለእሱ ብዬ፣
ስድስት ጎራሽ መሳይ በፎጣ ጠቅልዬ።
ስድስት ጎራሽ መሳይ፣ አንዳች የማይጎርስ፤
ገና ከመርካቶ ለድራማው ሲደርስ
መዶሻው ተጣብቆ አልነሣ ያለን፤
ከበሮው ብቻ ነው እየዞረ ያሣቀን።

ኬላው ላይ ፖሊሱ ፎጣውን ገለጠ፤
ፊቱ ተለወጠ።
ዝም አለ፣ ዝም አልኩ፣ ሚኒባሱም ዝም፤
የባህል ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አወጣሁ፣ ከነማኅተም።
አነበበ፣ ደገመ። «ሽፍታዋ አንቺ ነሽ?»
«ነኝ» አልኩት። «በይ፣ ስትተኩሺ ጥሪኝ፣ መጥቼ ልይሽ።»
ተሣቀ። ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ ግን ፈቀቅ እንዳሉ
ደብረ ብርሃን ገቡ፣ በመስኮት ውርጩን እያዩ፣ አንድ ቃል ሳይሉ።

ጋሽ ወንድይፍራው ተቀበለኝ፣ አገላበጠው፣
እንደ በረደው ጫጩት በመዳፉ መዘነው።
«ዚንክ ነው፣ ብረት አይደል። ግን የቀረጸው ሰው ዋናውን ያውቃል፤
ልጅ ያባቱን አረማመድ እንደሚይዝ፣ ይዟል።»
የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ አድርጎ
ከመዶሻው ሥር ጠብ አደረገ፤ ጎርጉሮ፣ ጠርጎ፣
አንድ ፍንጣሪ አወጣ፣ ከቅንድብ የቀጠነ፤
«ለዚህች ነው ዐርባ ኪሎ ሜትር?» ብሎ ተዘባነነ።

ከዚያ ትምህርት ጀመረ፣ ሳንቲም ያልጠየቀበት።
«መጀመሪያ፦ ባዶ መሆኑን ብታውቂም፣ ክፈቺና እይበት፤
ስድስቱንም ቀዳዳ፣ በብርሃን ፊት፣ አንድ በአንድ፤
ስንቱ ‹ባዶ ነው› ብሎ በገዛ ቤቱ ቀበረ ዘመድ።
ሁለተኛ፦ አፈሙዙ ምን ጊዜም መሬት ይይ፤
የፈራ ዐይን አይለይም፣ ብረትና መሳይ።
ሦስተኛ—» አለና ቆመ። ሰዓቶቹ ተናገሩ፣
እያንዳንዱ በየራሱ ሰዓት፣ በየራሱ አገሩ።

«ሦስተኛው እዚህ ነው» ብሎ አውራ ጣቱን አሳየኝ፣
ጥፍሩ ግማሽ የሌለው። ምን እንደ ሆነ አልነገረኝ።
«ይህ የድሮ ሥሪት ነው፤ ምላጩን ብትስቢው ዝም፤
አውራ ጣት ካላነሣው መዶሻው አይንቀሳቀስም።
አንዴ ለመተኮስ ሁለቴ ይጠይቃል፦
አውራው ‹ልበል?› ይላል፣ አመልካች ‹በል!› ይላል።
አመልካች ጣት ችኩል ነው፤ ንዴት ሲጠራው ‹አቤት!›፤
አውራው ሰነፍ ነው፤ ይህን ስንፍናውን ውደጂለት።

እኔ የያዝኩት» አለ፣ «አይጠይቅም ነበር።»
ይኸን ብቻ። ቀጥሎ የሴት ሰዓት ክዳን ሊከፍት ጀመር።

ወር ሙሉ ተለማመድኩ፣ ከግድግዳዬ ፊት፤
ቀጭ፣ ቀጭ፤ ግማሽ ማንሣት፣ ሙሉ ማንሣት።
የሚከብደው ማንሣቱ ሳይሆን መመለሱ፦
ምላጩን ስቦ፣ መዶሻውን ይዞ፣ እንደ ሕፃን ራስ
ከክንድ ወደ ትራሱ።
ስንት ጊዜ አመለጠኝ! ጣቴ ተነከሰ፣ አበጠ፤
ከግድግዳው ማዶ የአከራዬ ሬዲዮ በየቀጭታው ተቋረጠ።

የድራማው ማታ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም አለ፤
በመስኮት የገባው ጉም እንኳን ቦታ አጥቶ ዋለለ።
ድርሰቱ እንዲህ ይላል፦ ሽፍታዋ ትመጣለች፣
የወንድሟን ገዳይ ታገኛለች፣ ትተኩሳለች።
ከመጋረጃ ጀርባ ዘውገ ቆርቆሮ ይመታል፤
ገዳዩ፣ አሥራደ፣ ይወድቃል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል።

ወጣሁ። ከአሥራደ ትከሻ ጎን፣ ወደ ባዶው አነጣጠርኩ።
አውራ ጣቴን ጫንኩ።
ቀጭ።

ፊት ወንበር ላይ አንዲት ልጅ፣ ሰባት ዓመት ቢሆናት፣
ሳትጮህ፣ ሳታለቅስ፣ ወለል ላይ ተነጠፈች፣ እንደ ለመደባት።
እናቷ በላይዋ። ከዚያ ረድፉ። ከዚያ ቀጣዩ ረድፍ።

ዘውገ ቆርቆሮውን ይዞ ይጠብቃል፤
አሥራደ ዐይኑን ጨፍኖ ሊወድቅ ተዘጋጅቷል።
አውራው «ልበል?» ብሎ ቆሟል።

«በል» አላልኩም።
ምላጩን ሳብኩ፣ መዶሻውን ይዤ፣ ቀስ፣ ቀስ፣
እንደ ሕፃን ራስ፣
ከክንድ ወደ ትራስ።

ደራሲያችን እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።
አሥራደ ግን፣ ሞቱን የተነጠቀው፣
መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «እንዴት አደርሽ» ይለኛል።