ቢጫው ወቅት

የካቲት ሲጋመስ ተራራው ይጨሳል፤
እሳት የለም እንጂ ጭሱ ጭስ ይመስላል።
አባቴ ነው ያኔ ጥዱን የተከለ፣
ለልጄ ቤት መሥሪያ ሳንቃ ነው እያለ።
ቤቱ ሳይሠራ ግን ዱቄቱ መጣብኝ፤
ሃያ ሦስት ጊዜ ባንድ ጧት አስነጠሰኝ።

ስሜ ኢሶጋይ ነው፣ አውቶቡስ እነዳለሁ፣
ከባቡር ጣቢያው እስከ ፍል ውሃው እወጣለሁ።
ከሚስቴ መሳቢያ ያሮጌውን ዓይነት
ኪኒን አንሥቼ ዋጥሁ፣ ሳላነብ ወረቀት።
አፍንጫዬ ደረቀ። እሰይ፣ ዳንኩ አልኩና፣
ሦስተኛው ኩርባ ላይ ዓይኔ ከዳኝና…

ደወል።

ከኋላ ወንበር ላይ አንዲት ተማሪ ልጅ
መውረጃዋ ሳይደርስ ተጭናው ነው እንጂ፣
ጎማው ነጩን መሥመር አልፎት ነበር እኮ።
አቆምኩ። ሞተር አጠፋሁ።
እጄ መሪው ላይ ብቻውን ይንቀጠቀጣል።

ማታ መድኃኒት ቤት፣ ወይዘሮ ሀሺዙሜ
እስክጨርስ ሰማችኝ፣ ጠረጴዛው ጋ ቆሜ።
«ሰውነትህ» አለች፣ «ዘበኛ አለው ደንጋጣ፤
ሌባ ነው የሚለው እንግዳ ሲመጣ።
ዱቄት አይቶ ይጮኻል፣ ሂስታሚን ይረጫል፤
ዓይን በዚያ ያለቅሳል፣ አፍንጫም ያብጣል።
ኪኒን ዘበኛውን አይገድል፣ አያስር፤
ጩኸት በሚሰማው ጆሮ ላይ ነው 'ሚሰፍር።
ስለዚህ ቀድመህ ዋጥ፣ ዱቄቱ ሳይወርድ፤
ከጮኸ በኋላ ጆሮ መድፈን ግማሽ መንገድ።

ያ ያንተ አሮጌው ግን አንጎል ድረስ ገብቶ…
እዚያ ያው ሂስታሚን የሚያነቃ ዶሮ ነው፤
ዶሮውን አንቀህ ነው መሪ የጨበጥከው!
አዲሶቹ ብዙም አያስተኙም፤ ቢሆንም
ሹፌር ነህ፤ ሁሉም ለመሪ አይሆንም።
መጀመሪያ እቤትህ፣ በዕረፍትህ ቀን ሞክረው፤
ሳኬህን ከሱ ጋር ማታ አትጨልጠው።
የጉንፋን ሽሮፕም ካለህ ጀርባውን አንብበው፤
ያው ስም ካለበት እጥፍ ነው የዋጥከው።»

የአፍንጫውን ርጭት፣ ጫፉን ወደ ጆሮዬ
አዘንብላ አሳየችኝ፤ «እንዲህ ነው ጌታዬ፤
መሐል ግድግዳው ላይ ከረጨህ ይደማል።
ባንድ ቀንም አይሠራ፣ ትዕግሥት ይፈልጋል።
ያኛው ግን፣ ባንዴ 'ሚከፍተው፣ ለሦስት ቀን ነው እንጂ፣
ከቆየ ቁልፉ ራሱ ይሆናል በር ዘጊ።»

ልወጣ ስል ጠራችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
«ጉሮሮህ ካበጠ፣ ትንፋሽህ ካጠረ፣
ኪኒን አትጠብቅ። አምቡላንስ ጥራ።»

ዛሬ መጋቢት ነው። መስታወቱ ቢጫ ለብሷል፤
መጥረጊያው ሲመላለስ ደኑን ከፍቶ ይዘጋል።
አስነጥሳለሁ ገና፣ ግን ሁለቴ፣ ሦስቴ፤
ዓይኔ ንቁ ነው፣ ደረቅ ነው አንደበቴ።
ያቺ ልጅ ስትገባ (ስሟን እንኳ አላውቅም)
ወደ ኋላ ወንበር እንደ ድሮ አትሄድም።
ከጀርባዬ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ገልጣ፣
ሦስተኛው ኩርባ እስኪያልፍ
አውራ ጣቷ ደወሉ ላይ ነው።

አልተቀየምኳትም።