ሲጠብቅና ሲላላ

ሆጤ፣ ከዋናው መንገድ በላይ፣ አሥራ አራት ደረጃ ወጥተን
የምንገባበት ክፍል፤ ስድስት ኮምፒውተር፣ አምስት ማዳመጫ አለን፤
ሰባት ተማሪ፣ አንድ እኔ፣
በስድስት ዓመቴ በኩፍኝ የተዘጋ ዓይኔ።
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማው ሲዳብስ ግድግዳ፣
እኛ ገብተን ተቀምጠናል፤ ለጉም የለብንም ዕዳ።

የዛሬው ትምህርት ምርጫ ነው፣ እንደ በሬ ገበያ፤
የትኛው አንባቢ ይሁን ለአዲስ ጆሮ መጀመሪያ?

ጆስን አስቀደምኩ። ጎበዝ ነው፤ ሠንጠረዡን አምድ በአምድ ይዘልቃል፤
ፈቃዱ ግን ውድ ነው፤ የሙከራው አርባ ደቂቃ ሲሞላ
እንደ ታክሲ ረዳት «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ!» ይላል፤
ማሽኑን አጥፍተን፣ አስነስተን፣ እንደገና እንሳፈራለን።

ኤንቪዲኤ ነፃ ነው። በፍላሽ ይዤው ኮምቦልቻ ወርጃለሁ፣
በሐረጎ ተጠማዝዤ ወጥቼ ለስንቱ አድዬዋለሁ።
ይመር ፍጥነቱን ጫፍ አደረሰው፤
ድምፁ እንደ ሽንብራ ቆሎ ተንጣጣ። «ይኼ ነው!» አለ፣ «ይኼ ነው!»
አረቡ ግን፣ «ኧረ ቀስ ይበል! የሚያባርረው ማነው?»

ሁለቱም አማርኛ ላይ ሲደርሱ ምላሳቸው ይተሳሰራል፤
ሀሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ፣ ሁሉም አንድ «ሀ» ይባላል፤
ማጥበቅም አያውቁም፤ ሁሉን አላልተው ያነቡታል።
ይህንን፣ «ጉድለት» ከሚለው ሥር፣ በብሬል ወጋሁት፤
እንደ ቀላል ነገር አለፍኩት።

ሰዓዳ እጄን ያዘችው።
ከባቲ፣ ከአክስቷ፣ አሁን የገባ መልእክት፤ ሁለት ቃል ብቻ።
የወንድሟ ወሬ ከጠፋ ሁለት ክረምት አልፏል።
ኤንቪዲኤ አነበበው፦
«ይማም አለ።»
«ለ»ን አላልቶ።
ምን አለ? ጠበቀች። መስመሩ አልቋል።
በጆስ ደገመችው። «ይማም አለ።»
አሁንም ምን እንዳለ አልተናገረም።
ታች ቀስት። ባዶ።
ታች ቀስት። ባዶ።

«እስቲ እርስዎ ይበሉት፣ መምህር።»
ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ ምላሴን ከላንቃዬ አጣብቄ
«ለ»ን እንደ ነዶ ማሰሪያ አጠበቅኩት።
ያኔ ትንፋሿን ሰማሁት።

ግን አክስቷ ሳትጨርስ ልካው ቢሆንስ?
ማን ፈቅዶልኝ ነው ያጠበቅኩት?
«ደውይ» አልኳት።
አርባው ደቂቃ ሞላ፤ ጆስ ዝም አለ።
ስልኩ ይጠራል። ይመር ማዳመጫውን አወለቀ፤
ክፍሉ በሙሉ፣ ያላላውም ያጠበቀውም፣
ጠበቀ።