የክዳን ጎማ

ሦስት ጊዜ ከፈልኩ፤ ሦስቴ ሞተር ፈላ፣
እዚያችው ኩርባ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ኋላ።
ከኮምቦልቻ ስወጣ ሰላም ነው መርፌው፣
ሐረጎን ስጀምር ቀዩ ላይ ነው የሚያርፈው።
ተሳፋሪዎቼ ወርደው ሄዱ በእግር፣
አንዷ ዶሮ ታቅፋ ስትረግመኝ ነበር።

መኪናዬ ዲኤክስ፣ ቀለሟ የለቀቀ፣
በሯ በቁልፍ ሳይሆን በሽቦ የታነቀ፤
ግን የልጆቼን ደብተር፣ የቤቴን ኪራይ
ስትጎትት የኖረች ከታች እስከ ላይ።

ይመር ጦይብ ይባላል የጋራዡ ጌታ፤
መጀመሪያ ያለኝ፦ «ችግሩ ቴስታታ።»
አወረደ፣ አስላገ፣ ጓርኒሲዮን ለወጠ፣
በሲጋራ ካርቶን ላይ ሰባት ሺህ ጽፎ ሰጠ።
ፈላች። «ፖምፓው ነው» አለኝ። ፖምፓው ተቀየረ።
ፈላች። «ቬንትሌተሩ ነው፣ ቀድሞም ሰነፍ ነበረ።»
ፈላች።

በአራተኛው ቀን እየጮህኩ ገባሁ፣
«ሌባ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጠራሁ።
ቁልፍ አቀባዩ ልጅ፣ ሽኩር፣ ከመኪና ሥር
ራሱን ብቻ አወጣ፣ እግሩን ሳይጨምር።
ይመር እጁን ጠረገ በናፍጣ ጨርቅ፦
«ሞተሩ ይሙቅ እንጂ አንተ ለምን ትሞቅ?
የቦርከናን ውሃ በጀሪካን ትቀዳለህ፣
ደለል ታጠጣታለህ፣ እኔን ትከሳለህ!»
እውነት ነው፣ ቀድቻለሁ፤ አንዴ፣ ምናልባት ሁለቴ፤
ግን ማን ነገረው ብዬ ደረቀ አንደበቴ።

ጎሚስታው ለእሱ ፈረደ፣ ሻይ ሻጯ ለእኔ፤
ደላላው ተጠግቶ «ገዥ አለ» አለ፣ «በእኔ።»

«ንዳት» ብሎ ገባ፤ ከጎኔ ተቀምጦ
መርፌዋን ይመለከት ጀመረ አፍጦ።
እኔም (እንዲህ ያለ ጸሎት ይኖር እንደሁ እንጃ)
እንድትፈላ ለመንኩ፣ እንዲሆነኝ ማስረጃ።
ፈላች። እዚያችው ኩርባ፣ ከባሕር ዛፉ ኋላ፤
ደስታዬን ደበቅሁት፣ ዞሬ ወደ ሌላ።

የደሴ ጉም ወርዶ ከእንፋሎቷ ተደባለቀ፣
የትኛው የማን እንደሆን አልታወቀ።
ክዳኑን ልከፍት ስል እጄን ያዘኝ ጨብጦ፦
«በትኩሱ አይነካም፤ ፊትህ ይቀራል ተልጦ።»
እና ተቀመጥን በአንድ ድንጋይ ላይ፣
ስድቤን ሳልመልስ፣ ገንዘቤን ሳላይ።
ከኪሱ ቆሎ አወጣ፤ አልፈልግም አልኩ፣ በላሁ።
የጋራዡ ኪራይ እጥፍ መሆኑን ሳልጠይቅ ሰማሁ።

ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ቆመ፤ ሹፌሩ ወረደ፣
ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ሞተሩ ሄደ፣
የበረደውን ክዳን ገልብጦ ዳሰሰ፦
«ጎማው አልቋል እኮ፤ ግፊቱ በዚህ ፈሰሰ።»
የሁለት መቶ ብር ዕቃ! አሥራ አንድ ሺህ ከፍዬ!
ይመርን አየሁት፣ አሁን ይናገራል ብዬ።
እሱ የከመነዳሪ ቁራጭ ከኪሱ መዝዞ
ክብ ቆረጠ በምላጭ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ።
«ንዳ» አለኝ፣ ሳያየኝ፤ ሞላንባት ውሃ፣
ደሴ ገባች በሰላም፣ እስከ ቧንቧ ውሃ።

እዚያ ላይ ነው እንግዲህ ጠቡ የጀመረ፦
እሱ «ዳነች» አለ፣ እኔ «ገንዘቤ የት ቀረ?»
«ቴስታታህ ተልጓል፣ ፖምፓህም አዲስ ነው።»
«ያላመማትን አክመህ የምከፍል ለምንድን ነው?»
ሁለት ሺህ መለሰ፣ «ቀሪው ለአረፋ» ብሎ፤
አረፋም መጥቶ ሄደ፣ ብሬን አረፋ አስመስሎ።

ዛሬም ኩርባዋ ላይ መርፌዋን አያለሁ፤
እሷ ቀዝቅዛ ትወጣለች፣ እኔ እፈላለሁ።
ዘይት ስቀይር ግን አሁንም እሱ ጋ ነኝ፤
ሌላውን ሞክሬ ነበር፤ ቆሎ እንኳ አልሰጠኝ።