ሠላሳ ሊትር

ግንቦት ገብቷል፤ ጅማ ዝናቧን ይዛለች፣
ቆርቆሮው ላይ ቁጭ ብላ ሳታርፍ ታወራለች።
እኔ በረንዳ ላይ፣ ደብተር ጭኔ ላይ፣
መሐሉን አስምሬ፦ «ልግዛ ወይ? ልሥራ ወይ?»
ድራፍት በቤቴ፣ ቧንቧው ከጎኔ፣
በነጠላ ጫማ፣ አሳላፊው እኔ።

በ«ልግዛ» ሥር ጻፍኩ፦ መርካቶ፣ ደግፌ ቤት፣
ባለ አንድ አፍ ማሽን፣ ጺም የሚላጩበት፤
ዋጋውን ብጠይቅ ጉሮሮውን ጠርጎ
ጆሮዬ ውስጥ ጣለው፣ እንደ ሐሜት አርጎ፦
የስምንት ወር ጡረታ፣ ያውም ሳልበላበት።
«ዋስትና አለው?»
«አለው ጋሼ፣ ስድስት ወር፣ በደረሰኝ።»
«መብራት ሲሄድስ?»
ቀና ብሎ አምፖሉን አየ።
ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።

በ«ልሥራ» ሥር ነዚፍ አለ፣ የሄርማታው፣
የፍሪጅ ሐኪም፤ ጆሮ ነው መሣሪያው፣
የሞተ ኮምፕረሰር ላይ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል፣
«ይኼ አልሞተም፣ አኩርፎ ነው» ይላል።
ቢራ በአፉ ዞሮ አያውቅም።
ዛሬ ጠራሁት፣ ለምክር ብቻ፣ ቦርሳውን ይዞ መጣ።
«ጣዕሙን ለእርስዎ ትቻለሁ» አለኝ፣ «ብርዱ ግን የኔ ነው፤
ስንት ዲግሪ ላድርግልዎ?»
«ሦስት። አራትም አይከፋ።»
በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ጻፋት።

ፍሪጁ የደብሪቱ ነው፤ እኔን ከማግባቷ በፊት
በዕቁብ የገዛችው፤ ነጭ የነበረ፣ አሁን የቅቤ ቀለም፣
እጀታው በሽቦ የታሠረ።
«በሩን ነው የምንበሳው» አለ ነዚፍ፤ ጣቱ ያረፈው
ምናሴ በስድስት ዓመቱ የለጠፋት ቢራቢሮ ላይ።
ደብሪቱ ከጓዳ፦ «ጎመኔስ? የት ይተኛ?»
ደብተሩን ገለጥኩ። ለጎመን ዓምድ የለም።

በርሜሉን ደግሞ ረስቼው ኖሯል።
ትንሹ ሠላሳ ሊትር ነው፤ አንዴ ከተከፈተ
እንደ ሰርገኛ ይቸኩላል።
ሠላሳ ሊትር ሰባ አምስት ብርጭቆ፣ አረፋው ሳይቆጠር።
ለእኔ ሁለት። ለደብሪቱ ግማሽ፣ እሱም በገና።
ቀሪውን ማን ይጠጣ?
ጣቴን ማጠፍ ጀመርኩ፦
ተካልኝን ጥቅምት ላይ ቀብረነዋል፤
ገረሱ ስኳር አለበት፣ ሎሚ በውሃ ይዞ ይቀመጣል፤
ኃይለልዑልን ልጁ ሐዋሳ ወስዶታል።
አራተኛው ጣት በየነ ነው። ሳላጥፈው ቆየሁ።
በየነ ጎረቤቴ፤ ስለ አጥር፣ ስለ አንድ ክንድ መሬት፣
ሁለት ክረምት ሙሉ ሰላምታ የለንም።

እኔ ገና ስቆጥር ነዚፍ ድሪሉን ሰካ።
ብረቱ ጮኸ፣ ቢራቢሮዋ ክንፏን ጣለች፣
ግማሽ ጣት ያህል እንደገባ
መብራት ሄደ።
ድሪሉ በሩ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ፣ እንደ ጦር።
አሁን መግዛትም የለም፣ መሥራትም የለም፤
ቀዳዳ ብቻ አለ፣
ቀዳዳ ደግሞ በደረሰኝ አይመለስም።

ከአጥሩ ማዶ ጄኔሬተር ተነሣ።
የበየነ ነው፤ ማታ ማታ የምረግመው።
ነዚፍ አየኝ። ደብሪቱ አየችኝ።
ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ እንደ ደግፌ፦
«በየነ... ገመድ... ለትንሽ ደቂቃ...»
መልስ የለም። ውሻው ብቻ።
ቆይቶ፣ በተጣላንበት ክንድ መሬት ላይ፣
የኤክስቴንሽን ጫፍ በፌስታል ተጠቅልሎ በአጥሩ አናት ብቅ አለ፤
ነዚፍ ሮጦ በሁለት እጁ ተቀበለው።
ቀጥሎ ሌላ ፌስታል መጣ፣ የበየነን ራስ ይዞ።

ፍሪጁን ዞሮ አየው። በቀዳዳው በአንድ ዓይኑ አጮለቀ።
«ስንት ዲግሪ ነው?» አለ፤ እኔን ሳይሆን ነዚፍን።
ነዚፍ መዳፉን ዘረጋ፤
ዝናቡ አጥቦታል፣ ሰማያዊ እድፍ ብቻ።
«ሦስት» አልኩ እኔ።
«አራት ይሻላል» አለ በየነ፣
ሁለት ክረምት አፉ ውስጥ የያዘው ቃል ይኼ ይመስል።
ደብሪቱ ጎመኑን ታቅፋ መሐላችን ቆማለች።