ሽማግሌው ምን አለ?

ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ ከሥጋ ቤቱ ጀርባ፣
በቆርቆሮ አጥር፣ በጓሮ የሚገባ፣
ቪዲዮ ቤት ነበረ፣ የእትዬ ፈለቀች ጓዳ፤
ሃምሳ ሳንቲም ከፍሎ የሚታይበት የሰው አገር ፍዳ።

አስተርጓሚው እኔ ነበርሁ።
እንግሊዝኛ ሳልችል፣
አርጩሜዬን ይዤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ስቆም
የማላውቀው አፍ የለም፣ የማልፈታው ሕልም።

«አክተሩ እንዲህ ይላል፦ አገሬን አትንኳት!
ጀነራሉ አለው፦ ሂድና አቃጥላት።
ፕሬዚዳንቱ ደግሞ በስልክ ይዋሻሉ፤
ነዳጅ ነው ነገሩ፣ ሰላም ነው ይላሉ።»

ልጆቹ ያፏጫሉ። ጥይት አያልቅበት፣
ውኃ አይጠማው አክተር፣ እግሩ አይላጥበት፤
አክተር መቼም አይሞት፣ ይህ የታወቀ ነው፤
የሚሞተው ብዙው፣ ስም ያልወጣለት ነው።

አንድ ፊልም ነበረ፣ ካሴቱ የሳሳ፣
ሳምንት ሙሉ ታይቶ ደግሞ የሚነሣ።
ሄሊኮፕተር ወርዶ ከቀርከሃው መሐል፣
አክተሩ ጎጆውን በር በሩን ይገፋል፤
አንድ ሽማግሌ ከደጁ ይወጣል፣
እጁን ወደ ሰማይ፣ ወደ መሬት ያሳያል፣
ይናገራል።
ብዙ ይናገራል።
በአሜሪካ አፍ አይደል፤ በየት አገር እንጃ፤
ከምስሉም ግርጌ የለ አንዲት ቃል ማስረጃ።
እኔም እዚያች ላይ ስደርስ ምራቄን ውጬ ዝም፤
«እሱን ተዉት» እላለሁ፣ «ለታሪኩ አይጠቅምም።»

ከዚያ ተኩስ ይመጣል።
ከዚያ ጭብጨባ።

ሃምሳ አለቃ ድንበሩ ከኋላ ጥግ ነበር፣
ክራንቹን አስደግፎ ከመጋረጃው ሥር፣
ቀን ሎተሪ ሲያዞር ከማዘጋጃው በር።
አያጨበጭብም። አይስቅም። አይተኛም።

አንድ ሐሙስ ተነሣ።
«አንተ ልጅ፣ እስቲ መልሰው።»
«የቱን?»
«ሽማግሌውን። ምን አለ?»
ልጆቹ ጮኹ፦ «ተኩሱን! ተኩሱን አምጣ!»
«ምንም አላለም ጋሼ» አልሁ፣ ላቤ እየመጣ።
«ምንም?
ይህን ያህል ጊዜ፣ ሁለት እጁን አንሥቶ፣
ምንም ላይል ነው እንዴ ሰው ከደጃፉ ወጥቶ?»

ለእኔ ይሁን ለክራንቹ፣ ዝግ ብሎ ነገረ፦
«እኔም በሰሜን በኩል አንድ መንደር ገብቼ ነበረ።
ታዝዤ ነው። ክብሪቱ የመንግሥት ነበረ።
አንድ ሽማግሌ ወጣ፤ በማላውቀው አፍ ተናገረ፣
ረጅም ተናገረ።
አስተርጓሚያችን ቸኩሎ ‹ተወው፣ አይጠቅምም› አለ።
እግሬን የት እንደጣልሁት አውቃለሁ፤
እሱ ያለውን ግን
ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ከዚያ ማታ ወዲህ ለሽማግሌው ቃል ፈጠርሁለት።
ዓርብ፦ «በሬዬን ውሰዱ፣ ጎተራዬን ተዉት» አልሁለት።
ቅዳሜ፦ «የእኔም ልጅ ወታደር ነው፣ እንዳንተ ርቆ ሄዷል።»
እሑድ፦ «የቆምህበት የእናቴ መቃብር ነው፤ እግርህ ተሳስቷል።»
እሑድ ልጆቹ እንኳ ዝም አሉ።
ድንበሩ ግን ከጥጉ ራሱን ነቀነቀ፣
«አይደለም» አለኝ፣ «አይደለም»፣ ክራንቹን እያጠበቀ።

ሰኞ ውሸቴ አለቀ።
አርጩሜዬን ጥዬ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ መሬት ቁጭ አልሁ።
ሽማግሌው ብቻውን፣ በገዛ አፉ፣ ተናገረ፤
ካሴቱ ተንሿሿ፣ ምስሉ ተሸበረ፤
ከውጭ ወያላው «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ይል ነበረ፤
ቤት ሙሉ ሰው ያልገባውን አዳመጠ።

«አዎ» አለ ድንበሩ።
«ልክ እንዲህ ነበረ።»
ተኩሱ ሳይጀመር ወጣ።

አሁን እንግሊዝኛ እችላለሁ።
ቸርችል ጎዳና፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ፊልም እተረጉማለሁ፤
የእትዬ ፈለቀች ጓዳ በነበረበት መንገድ ሰፍቷል።
አክተሩ ዛሬም አይሞትም። ፕሬዚዳንቱ ዛሬም በስልክ ይዋሻል።
ዛሬም አንድ ቦታ አንድ ሽማግሌ ከደጁ ይወጣል፣
ከታች ጽሑፍ ይመጣል፦ «በባዕድ ቋንቋ ይናገራል።»
ከገዛ ደጁ ቆሞ፣ ባዕድነቱ ለማን ነው?
አለቃዬ ሰዓት ያያል፤ ክፍያዬ በደቂቃ ነው።
እኔ ግን እዚያች ላይ ስደርስ
ድምፁን ከፍ አድርጌ
እጄን ከኪቦርዱ አነሣለሁ።